ፎር ዊል ፍሬን አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪትዝ የሚነዳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናው በፊት ጎማዋ ብቻ እንደምትሄድ ያውቃል። ሐምሌ ሲገባ ከአስፋልት አይወርድም፣ ጣርማበር ላይ ጉም ካየ ያዘግማል፣ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ያስባል። ሁለተኛው «የእኔዋ ፎር ዊል ናት» ይላል። ምክሬ ለሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ፍርሃቱ ይጠብቀዋል።

ፎር ዊል ቪትዝ መኖሯን የማያምን ሰው አይጠፋም። አለች። ቶዮታ ለአገሩ ለጃፓን ገበያ ሲሠራት፣ በረዶ የሚከመርበት አካባቢ ለሚኖረው ሰው ብሎ ባለ 1,300 ሲሲዋን በአራቱም ጎማ የምትሄድ አድርጎ አውጥቷታል። ሱዙኪ ስዊፍትም እንዲህ ዓይነት አላት። አሠራሯ ቀላል ነው። በደህና መንገድ ላይ የፊት ጎማዎች ብቻ ይጎትታሉ። እነሱ ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ፣ ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለው ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ መጋጠሚያ ይጠብቅና ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ያካፍላል። ሾፌሩ የሚጫነው ቁልፍ፣ የሚያስገባው ተጨማሪ ማርሽ የለም።

እንግዲህ ያለው ይኸው ነው። ላንድክሩዘር አይደለችም። ከባድ ማርሽ የላትም፣ ዲፈረንሻሏ አይቆለፍም፣ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው መረሬ አፈር ላይ ጎማው ቢገፋም ሆዷ ከተቀመጠ አራቱም ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ጉልበቷም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጃፓን ባሕር ዳር የተለካው የፈረስ ጉልበት እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሩብ በላይ ተቀንሶለታል። አምስት ሰው ጭናችሁ፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ጤፍ ጨምራችሁ ዳገት ላይ ተሳቢ ለመቅደም የምትወጡ ሰዎች ይህን ቁጥር አስታውሱ። ፎር ዊል መሆኗ የምትቀድምበትን ጉልበት አይጨምርላትም፤ እንዲያውም የተጨማሪውን ዘንግና ዲፈረንሻል ክብደት የምትሸከመው እሷው ናት።

ዋናው ነገር ግን መውረድ ነው። በአራት ጎማ መገፋት ለመነሣትና ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም አንዳች አይረዳም፤ ማንኛዋም መኪና ብትሆን የምትቆመው በአራቱም ጎማ ነውና። ፎር ዊል ያለው ሰው ጭቃውን ያለ ችግር ይወጣና «መንገዱ ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል። የፊት ጎማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ ማስጠንቀቂያ ያገኝ ነበር። ይህ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሳይሰማ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ይደርሳል።

ቁልቁለቱን ደግሞ ሰሜን ሸዋ ያውቅበታል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት በጣርማበር ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ሰው የሞላባት ትንሽ መኪና ከዚያ ከፍታ ስትወርድ የምታወጣው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ስልሳ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል። እግራችሁን ፍሬን ላይ አሳርፋችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉን ብትረግጡትም መያዙን ይተዋል። ካምቢዮ ያላት ከሆነች በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነች ከ«ዲ» በታች ያሉት ፊደላት ጌጥ አይደሉም፤ በቆዩት «ሁለት» እና «ኤል»፣ በአዳዲሶቹ «ኤስ» እና «ቢ» የተጻፉት ለዚሁ ቁልቁለት የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ፣ አይጎዳም። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ የሚወርደውን ሰው ግን ምን ብዬ ልምከረው? ዘመናዊ ሞተር እግር ከቤንዚን ላይ ተነሥቶ በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቆማል። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ብሎ ይጠጣል። ሰውየው ፍሬኑንም ነዳጁንም አብሮ እያባከነ ነው።

የፍሬን ዘይትም አለ። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ጉም በማይለየው አገር የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት አንዴ ቢያስቀይረው አይበዛበትም። መሙላትና መቀየር አንድ እንዳልሆኑም ለመካኒኩ አስረዱት።

የአንኮበሩ ቁልቁለት ከጣርማበሩም የባሰ ነው። በ1833 ዓ.ም ከህንድ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የካፒቴን ሃሪስ ልዑክ የወጣው በዚያው አቀበት ነው። ግመሎቹ ቆላው ላይ ቀሩና የገጸ በረከቱን ዕቃ ሰው ተሸክሞ ወደ ደጋ አወጣው። ግመል እምቢ ያለበትን አገር ዛሬ በባለ 1,300 ሲሲ መኪና እየወጣን እየወረድን ነው። መሐንዲሶቹን እያመሰገንን፣ ግመሉም ያለ ምክንያት እንዳልቆመ ብናስብ ጥሩ ነው።

ወደ ጎማ ልለፍ፤ ከፎር ዊል ባለቤቶች የሚበዙት ሳያውቁ መኪናቸውን የሚገድሉት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎማ ሲያልቅ ልማዳችን ሁለት መግዛት ነው። አዲሱ ፊት ይገባል፣ የተላጠው ኋላ ይቀራል፣ ወይም ጎሚስታው ካለው አሮጌ አንዱን መርጦ ይሰጠናል። በፊት ጎማ ለምትሄድ መኪና ይህ ያን ያህል ጣጣ የለውም። በአራቱም ለምትሄደዋ ግን አለው። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያነሰ ስለሆነ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከአዲሱ የበለጠ ዙር ይሽከረከራል። ያ ወፍራም ፈሳሽ ያለበት መጋጠሚያ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፊትና የኋላ ዙር ሲለያይ «ተንሸራተተች» ብሎ መያዝ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ፣ ሳይንሸራተት እንደተንሸራተተ እየቆጠረ ይግላል። በመጨረሻ ይበላሻል፤ ዋጋው ደግሞ ሳትገዟቸው ከቀራችሁት ሁለት ጎማዎች ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ አራቱንም አንድ ላይ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ልክ ግዙ። ገንዘቡ ካልደረሰ ጥቂት ጠብቁ እንጂ ሁለት አትግዙ። የሞተር ዘይት ስትቀይሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋውሩ፤ አብረው እንዲያልቁ። ስኮርታው ቀጭን ከሆነ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ብቻ ተጓዙበት፤ «እስከ ክረምት ትቆይ» አይባልም። ንፋሱንም በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጠዋት ሳትነዱ አስለኩ። በዓይን ለክቶ «በቂ ነው» የሚል ጎሚስታ ቢያጋጥማችሁ አመስግናችሁ መለኪያውን ጠይቁት።

ከኋላ ሌላ የተረሳ ነገር አለ። የኋላ ዲፈረንሻሉ የራሱ ዘይት አለው። የሞተር ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር ጨዋ ሰው እንኳ መኪናዋ ኋላዋ ላይ ዘይት እንዳላት የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ ቪትዝ አይቶ የለመደው መካኒክም ላያስታውሰው ይችላል። ክረምት ላይ ወንዝ ከተሻገራችሁ አስከፍታችሁ እዩት፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፣ በዚያው ቀን ይቀየር። መሃል ዘንጉን አውጥተን ብንጥለው ነዳጅ ትቆጥባለች የሚላችሁ ካለም አትስሙት። ያን ያህል የምትፈልጉት ቁጠባ ከሆነ መጀመሪያውኑ ተራዋን ቪትዝ መግዛት ነበር።

የከፍታውና የብርዱ ጉዳይ ደግሞ የራሳችን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቃሉ። ውሃው የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላስቲኩና ሞላው ግፊት ይዘው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጉታል። ክዳኑ ካረጀ ቆላ ላይ ደህና የነበረች መኪና ደጋ ላይ ትፈላለች፣ ቴስታም ይጎዳል። የትንሽ ብር ክዳን ነው፤ ቀይሩት። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ኩላንት ሙሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ እንዳይቀዘቅዝና ውስጡን ዝገት እንዳይበላው።

ቴርሞስታቱን «ሙቀት ያበዛል» ተብሎ ያስወጣችሁ ካላችሁ መልሱት። ያለ እሱ ሞተሩ በእኛ ብርድ ሙሉ ሙቀቱን አያገኝም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ጠዋት ስትነሡ ግማሽ ሰዓት በቁሟ አታሙቁ፤ ጥቂት ቆዩና በዝግታ ተነሡ፣ ሙቀቱ እስኪገባ ቤንዚን አትጫኑ። መስታወቱ ውርጭ ከያዘም ትኩስ ውሃ አታፍስሱበት፣ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜው ስለሆነም ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በረንዳችሁ ላይ የቆመችው ፎር ዊል ምትክ የሌላት ሆናለች። «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው አሮጌ ማጽናኛ አሁን አይሠራም። ለጥገና የምትሰጡት ብር ቢከብዳችሁም የምትነዱት የመጨረሻ የቤንዚን መኪናችሁን ሊሆን ይችላል።

የጭቃው ነገር ለብቻው ይነገር። ፎር ዊል ያለው ሰው ኩሬ ሲያይ አይቀንስም፣ ስለማይፈራ። መንገዱ ዳር የምትሄደው ግን ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ናት። መኪናችሁ ያለፈችበት ጭቃ እሷ ላይ ያርፋል። ቀንሱ። ለጋሪውም፣ ሳይዘናጉ መንገድ ለማያቋርጡት በጎችም፣ በጎቹን ለሚከተለው ልጅም ቀንሱ። ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ ራሳችሁን ያሳውራል። አጭሩን አብሩ፣ ፍሬቻ እያበራችሁም አትሂዱ፤ ልትታጠፉ ነው ወይስ ቆማችኋል ብሎ ከኋላ ያለው ሾፌር ይጨነቃል።

ከተያዘችባችሁም አንድ ነገር አስቡ። የሚጎትታችሁ ሰው የፊቷን ብቻ አንሥቶ፣ የኋላ ጎማዎቿን መሬት ላይ እያሽከረከረ ሊወስዳት ከፈለገ እምቢ በሉ። መጋጠሚያው ኪሎ ሜትሮቹን ሁሉ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ወይ አራቱም ጎማ መሬት ነክቶ ለአጭር ርቀት በዝግታ በገመድ ትጎተት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ መኪና ላይ ትጫን።

ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ቁልፍ የሚጠይቅ ዘመድ አይጠፋም። ወንድሜ፣ የእህቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ «አንኮበር ደርሼ እመለሳለሁ» ይላል። መስጠት መልካም ነው፤ ሰው ለሰው ነው። ነገር ግን ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጡትና «ኤል» ወይም «ቢ» የቱ ጋ እንዳለ በእጁ አስነኩት፣ ፍሬን ሸራው መቼ እንደተቀየረ ንገሩት፣ ስኮርታውንና ክሪኩን ከፍታችሁ አሳዩት። «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» እያለ እጁን ወደ ቁልፉ የሚዘረጋ ከሆነ፣ ወጥታችሁ አብራችሁት ሂዱ።