የማናየው ባለአደራ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ምሽት፣ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ሠራተኞች የሊቲየም ባትሪዎችን ለማዛወር ሲሠሩ እሳት ተነሣ። ከ600 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። ብዙዎቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተመለሱ፤ አንዱ ግን ሊመለስ አልቻለም። ወደ 750,000 ለሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች የተዘጋጀው የጋራ ማከማቻ 858 ቴራባይት ሰነድ እንደያዘ ወደመ። የማከማቻው መጠን ትልቅ ስለሆነ በሌላ ቦታ መጠባበቂያ ቅጂ አልተያዘለትም ነበር። ሠራተኞቹ ሥራቸውን በየቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያ እንዲያስቀምጡ አስቀድሞ መመሪያ ወጥቶላቸው ነበር። የታዘዙትን አክብረው አስቀመጡ፤ ያስቀመጡትም የዓመታት ሥራ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ዩክሬን ተቃራኒውን አይታለች። የሩሲያ ጦር ድንበሩን ከማለፉ አንድ ሳምንት በፊት የአገሪቱ ፓርላማ የመንግሥትን መረጃ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሌላ ድርጅት ማከማቻ፣ ማዛወር የሚያስችል ሕግ አወጣ። ጦርነቱ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአማዞን ኩባንያ የተላኩ፣ የሻንጣ ያህል መጠን ያላቸው የመረጃ መጫኛ ሣጥኖች በፖላንድ በኩል ጉዞ ጀመሩ። የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የግብር ሰነድ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅደር በእነዚህ ሣጥኖችና በኢንተርኔት እየተጫነ ከአገር ወጣ። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ፕሪቫትባንክ ሥራውን በሙሉ ከ45 ቀን ባነሰ ጊዜ ወደ ውጭ አዛወረ። የመረጃ ማዕከል በሚሳኤል ሲመታ የዜጋው የቤት ካርታ ደኅና ነበረ፤ ሌላ አገር ውስጥ በሌላ ሕንፃ ተቀምጧልና።

ሁለቱም ሀብታቸውን ከእጃቸው አውጥተው ለሌላ ጠባቂ ሰጡ። አንዱ በመስጠቱ ዳነ፣ ሌላው በመስጠቱ ጠፋ። ታዲያ ሰው ሥራውን፣ ማስረጃውንና ትዝታውን ፊቱን ለማያውቀው ጠባቂ ሲያስረክብ ኃላፊነቱንም አብሮ ያስረክባል? ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚመልሰው አይደለም። ሃይማኖትና ፍልስፍና ከቆዩባቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ መልሱም ዛሬ የእያንዳንዱን ባለ ስልክ ኑሮ ይነካል።

ጥቅሙን አሳንሶ መናገር ግን እውነትን መደበቅ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በማርች 2006 የማከማቻ አገልግሎቱን ለማንም ሰው ሲከፍት ለአንድ ጊጋባይት በወር የሚጠይቀው 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ከዚያ በፊት አንድ አዲስ ድርጅት ሥራ ለመጀመር ሰርቨር መግዛት፣ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር ማቆም፣ የሚጠብቀው ባለሙያ መቅጠር ነበረበት፤ ሥራው ይሳካ አይሳካ ሳያውቅ ገንዘቡን በብረት ላይ ያፈስሳል። ከዚያ በኋላ የተጠቀመበትን ያህል ብቻ መክፈል ቻለ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2008 የራሱ የመረጃ ቋት ተበላሽቶ ለሦስት ቀን ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ አቅቶት ነበር። ወደ ክላውድ መዛወር የጀመረው በዚያ ምክንያት ነው፤ ሥራውን ያጠናቀቀውም እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ነው።

የጥበቃው ስልት ራሱ ሊደነቅ ይገባዋል። አንድ ፋይል ሲገባ ሥርዓቱ በተለያዩ ሕንፃዎች ውስጥ ባሉ ብዙ ዲስኮች ላይ ያባዛዋል። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው ቅጂ ወዲያው ይተካዋል፤ ባለቤቱ ሞቱንም አይሰማም። አማዞን አገልግሎቱን የነደፈው አሥር ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ሰው በአሥር ሺህ ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ሊጠፋበት በሚችልበት ሒሳብ ነው ይላል። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የትኛውም ወረቀት ይህን ዕድሜ አይመኝም።

ኢትዮጵያውያንም ይህን ጥቅም ያገኙት ብዙ ጊዜ ስሙን ሳይጠሩት ነው። በቴሌግራም ለራሳቸው የሚልኩት የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድ፣ የሟች አባት ፎቶ የሚቀመጠው በክላውድ ነው። በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሲገባ፣ አስቀድማ ያነሣችው ፎቶ ማንነቷን የምታስረዳበት የቀረ ወረቀቷ ይሆናል። ስልኳ ቢሰበር ወይም ቢነጠቅ እንኳ ቁጥሯን እስካላጣች ድረስ በሌላ ስልክ ገብታ ታገኘዋለች። ለእርሷ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ መብቷን የምትጠይቅበት መሣሪያ ነው።

ፈላስፎች ይህን ነገር ከሩቅ አይተውታል። ፕላቶን በፋይድሮስ ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለ አንድ የግብፅ ንጉሥ ሲያወራ ያቀርበዋል። ንጉሡ ጽሕፈት ሰውን ዘንጊ ያደርገዋል ብሎ ይሰጋል፤ በልቡ ከመያዝ ይልቅ በውጭ ምልክት ይተማመናልና። አንዲ ክላርክና ዴቪድ ቻልመርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ተቃራኒውን ተከራከሩ። ኦቶ የሚባል የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በምሳሌነት አመጡ፤ የሚያውቀውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይጽፋል፣ መንገድ ሲጠፋው ደብተሩን ይገልጣል። ያ ደብተር፣ አሉ፣ የኦቶ አእምሮ አካል ነው። ግን ሁኔታዎች አስቀመጡ፤ ደብተሩ ሁልጊዜ አብሮት መሆን አለበት፣ ሲፈልገው ያለ ችግር ሊከፍተው ይገባል፣ ያለውንም ሊያምነው ይገባል። እነዚህ ሁኔታዎች ዛሬ በቀጥታ ለክላውድ ይሠራሉ። ኦቶ ደብተሩን በኪሱ ይዟል። የእኛን ደብተር የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ቁልፉም፣ ውሉም፣ የመብራቱ ክፍያም በእርሱ እጅ ናቸው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ክርክር ለአንዱ ወገን አላደላችም፤ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ዜማን ተማሪው በቃሉ እንዲይዝ ዓመታት ታስተምረዋለች፤ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ግን በብራና ትጽፋለች፤ ብራናውን ደግሞ ከደብር ወደ ደብር ታስገለብጣለች። በትውፊት እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም ተርፎ ነው ወደ ሌሎች አድባራት የተመለሰው፤ የድጓ መምህር እስከ ዛሬ ምስክርነት የሚቀበለው ከቤተልሔም መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የአንዱ ቅጂ ከሌላው መራቅ ነው ያዳነው።

በዘመናችን ይህን ጥበብ የሚመስል አንድ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ በገዳማትና በአድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ፕሮጀክት ተጀመረ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ሥራው ግን ቀጠለና ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቤኔዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ያንን ስብስብ ለዓለም የገለጠው ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች አዲስ አበባ ቤቱ ድረስ መጥተው ተኩሰው አቆሰሉት፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖረው። ኮሌጅቪል ገብቶ ለአሠርት ዓመታት ፊልሞቹን እያነበበ የየመጽሐፉን ይዘት በዝርዝር ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፈ። ዛሬ የዚያ ስብስብ ብዙው ክፍል በኢንተርኔት ተጭኗል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ወይም በጎንደር የነበረን መጽሐፍ በሮም ያለ ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ ያነብባል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ፊልሙ ብቻውን ዲዳ ነበር። ግዕዙን የሚያነብ፣ ጸሐፊውን ከእጅ ጽሑፉ የሚለይ፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የርስት ሙግት ምን እንደሆነ የሚረዳ ሰው ባይኖር ኖሮ ዘጠኙ ሺህ መጽሐፍ ኮሌጅቪል ውስጥ በቆርቆሮ ሣጥን እንደተዘጋ ይቀር ነበር። ማሽኑ ፊደሉን ይጠብቃል፤ ትርጉሙን የሚጠብቅ ሰው ነው። ለዲጂታል ቅጂ ገንዘብ የሚመድብ ተቋም ለግዕዝ ትምህርት ካልመደበ ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራው።

ሁለተኛው ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው መጻሕፍት ብዛታቸው በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ላይብረሪው ከኢትዮጵያ ስብስቡ ብዙ መጻሕፍትን በዲጂታል አንሥቶ በኢንተርኔት ለቀቀ፤ ለንደን መሄድ የማይችል ኢትዮጵያዊ ሊቅ የአያቶቹን እጅ ሥራ ለማየት በቃ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ወንበዴዎች የላይብረሪውን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገቡ፤ ላይብረሪው የጠየቁትን የማስለቀቂያ ገንዘብ አልከፈለም፤ የዲጂታል ብራናዎቹም ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት ጠፉ። መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ ምስሉን ማየት ያጣው ያው ወገን ነው። ቅጂ አውጥቶ ለመቅደላ ወገን ማስረከብ ግዴታ ቢሆን ኖሮ የሌባው ጥቃት ይህን ያህል አይጎዳም ነበር።

አደራን ሃይማኖቶች ከባድ ነገር አድርገው የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ቁርአን በሱረቱ ኒሳእ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ያዝዛል። ወንጌል በማቴዎስ 25 መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ ይወቅሳል። የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል ይደነግጋል። በእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ተቀባዩ ስለተቀበለው ነገር ይጠየቃል። መረጃ ግን አዲስ ችግር አምጥቷል። ላም ወይም ወርቅ ሲመለስ ከጠባቂው ቤት ይወጣል፤ ፋይል ሲመለስ ግን ቅጂው ከጠባቂው ዘንድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመረጃ አደራ ሲመለስ ሁለት ነገር ያሻል፤ ለባለቤቱ መስጠትና ባለቤቱ ሲጠይቅ ከጠባቂው ማኅደር ማጥፋት። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዜጋው መረጃውን የማየት፣ የማስተካከልና የማስጠፋት መብት ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ በወረቀት አለ። ዜጋው ሊጠይቅበት ግን መኖሩን ማወቅ አለበት።

ታዲያ የሰጪው ድርሻስ? እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ድንገት ከኢንተርኔት ጠፋ። ጉግል ክላውድ በራሱ የአሠራር ስሕተት ፈንዱ ይሠራበት የነበረውን የግል ክላውድ ሰርዞት ነበር፤ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የነበሩት ቅጂዎችም አብረው ጠፉ። ፈንዱ ከአንድ ሳምንት በላይ ድካም በኋላ ተመለሰ፤ ከረዱት ነገሮች አንዱ አስተዳዳሪዎቹ በሌላ ኩባንያ ዘንድ ተጨማሪ መጠባበቂያ ማስቀመጣቸው ነበር። ዴጆን ያላደረገችውን አደረጉ። ማመን ማለት ዓይንን መጨፈን አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል፤ ደግ ጠባቂ መርጠው ሰጡ፣ ሰጥተውም ኃላፊነታቸውን አልጣሉም።

በኢትዮጵያ ተጨማሪ ፈተና አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። መረጃው ደብሊን ወይም ፍራንክፈርት ውስጥ ሰላም ነበረ፤ ባለቤቱ ግን ደሴ ወይም መቀሌ ተቀምጦ ሊደርስበት አልቻለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚከፈለው የክላውድ ሒሳብ በብር ሲመነዘር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የተተከሉት የመረጃ ማዕከላትና የኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ለዚህ ከፊል መልስ ይሰጣሉ። ሁሉንም ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ግን የዴጆንን ስሕተት መድገም ይሆናል፤ ሁሉንም ውጭ መተውም ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር ባዶ እጅ መቅረት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሚቀርበው ጥሪ ሩቅ አይደለም። የቤተሰብዎ ፎቶ፣ የዲግሪዎ ቅጂ፣ የሱቅዎ ሒሳብ በክላውድ ይቀመጥ፤ ጥሩ ጠባቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉውን አውርደው በአንድ ሃርድ ዲስክ ይያዙ፤ ዲስኩን ከሚኖሩበት ቤት ውጭ ለሚያምኑት ዘመድ ይስጡ፤ የይለፍ ቃሉንም እርስዎ ባይኖሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ብራናዎቹን በዲጂታል ለማስነሣት ከውጭ ተቋም ጋር ውል የሚፈርም ገዳም፣ ደብር ወይም መስጊድ ካለ ደግሞ አንድ አንቀጽ ሳያስገባ ብዕር አያንሣ፦ ሥራው ባለቀ ቀን ሙሉው ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ መጽሐፉን ማንበብ የሚችሉ ደቀ መዛሙርትንም ተቋሙ ያስተምራል።