ሀብት በየትኛው ደጅ ይገባል?

ሰው ሁሉ ሀብትን ይመኛል፤ ነገር ግን ምኞቱን በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነው። ድሃው ስግብግብ እንዳይባል ይፈራል፤ ባለጸጋውም አልጠግብ ባይ እንዳይባል ያፍራል። እኔ በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገንዘብን መውደድ ክፉ መሆኑን አዘውትሮ ይሰብክልን ነበር። እኛም ስብከቱን ሰምተን ከወጣን በኋላ በመሀረባችን ጫፍ የቋጠርናትን ሳንቲም ፈትተን እንቆጥር ነበር። እንዲህ ምላሳችን የሚንቀውን ልባችን ሲያመልከው ብዙዎቻችን አርጅተናል። ታዲያ ከዚህ ሁለት ልብነት ይልቅ፥ ሀብትን በይፋ ወደ ቤቱ የሚጠራ ሰው ይሻል ይሆን? ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው በልቤ የተተከለው በ1963 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ከሚሲዮኑ ወጥቼ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገባሁበት ዓመት ነበር። በዚያን ዘመን ከሕንድ አገር የመጡ አያሌ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። የእኛ የሒሳብ መምህር ግን የጉጃራት ተወላጅና የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ ነበሩ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አራታችንን ጠርተው፥ «ዛሬ ማታ በቤቴ በዓል አለ፤ መጥታችሁ ጣፋጭ ብሉ» አሉን። እኛም «እሺ ሰር» ለማለት አልዘገየንም።

ከተከራዩት ቤት ስንደርስ በመስኮቱና በደረጃው ላይ ትንንሽ የሸክላ መብራቶች ተደርድረው አየን፤ በውስጣቸው ንጥር ቅቤ ፈስሶ ከጥጥ የተፈተለ ክር ይነድባቸዋል። ከደጃፉም ጀምሮ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ፥ በውሃ በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት የተሳሉ፥ የሕፃን እግር የሚያህሉ የእግር ዱካዎች ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ሁሉ ወደ ቤት ውስጥ ያመለክታሉ። ጫማችንን አውልቀን፥ ዱካውን እንዳንረግጥ በጠርዝ በጠርዙ ገባን። በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በአበባ የተከበበ የሴት ሥዕል ቆሟል፤ ከሴቲቱ መዳፍ የወርቅ ገንዘብ ይፈስሳል። በሥዕሉ ፊት ወርቅ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ቀይ ሽፋን ያለው አንድ የሒሳብ መዝገብና፥ በማዕዘኑ የቆመ አንድ አዲስ መጥረጊያ ብቻ ነበር።

መምህሩ በክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱን። እኔም ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት ጋር አስማምቼ አቀርበዋለሁ። በዓሉ ዲዋሊ ይባላል፤ ትርጓሜው የመብራት ረድፍ ማለት ነው። በብዙ የሕንድ ክፍል አምስት ቀን ይከበራል፤ ዋናው ሌሊት ጨረቃ ፈጽማ የማትታይበት ሌሊት ሲሆን፥ በእኛ ወር በጥቅምት ወይም በኅዳር መግቢያ ይውላል። በሰሜን ሕንድ የራማን ከስደት መመለስ ያስቡበታል፤ በቤንጋል ካሊ የተባለችውን አምላክ ያከብሩበታል፤ በጉጃራትና በሌላም ብዙ ስፍራ ሌሊቱ የላክሽሚ ነው። ላክሽሚ የሀብትና የመልካም ዕድል አምላክ ናት፤ በሥዕሉ ላይ የነበረችውም እርሷ ናት። የአምስቱ ቀን መጀመሪያ ዳንቴራስ ይባላል፤ ዳን ሀብት፥ ቴራስም ዐሥራ ሦስተኛ ቀን ማለት ነው። በዚያ ቀን ባለጸጋው ወርቅና ብር ይገዛል፤ መካከለኛው የናስ ወይም የብረት ዕቃ ይገዛል፤ አቅም ያጣውም አንድ መጥረጊያ ይገዛል። መጥረጊያውም ከወርቁ አይናቅም፤ ከቤት ጉድፍን የሚያወጣ ድህነትንም ያወጣል ይላሉና።

የዚህ ሥርዓት ሐሳብ ሀብት እንግዳ ነው የሚል ነው። ላክሽሚ በአንድ ቤት ረግታ የማትቀመጥ፥ ከደጅ ወደ ደጅ የምትዞር ናት ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ቤቱ አስቀድሞ ይጠረጋል፤ ግድግዳው በኖራ ይለሰናል፤ መንገዱም እንዳይጠፋት መብራት ይበራላታል። ሀብትን እንግዳ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንደ ጌታ አይሰግድለትም፤ እንደ ባሪያም አያሥረውም። መጥቶ እንደሚሄድ ዐውቆ፥ ባለበት ጊዜ በክብር ያስተናግደዋል። ይህ በእውነት ለማንም የሚበጅ ትምህርት ነው።

የመዝገቡም ነገር እንዲሁ ነው። የጉጃራት ነጋዴዎች በዚህ በዓል የዓመቱን ሒሳብ ይዘጋሉ፤ አዲሱንም መዝገብ ባርከው ይከፍታሉ፤ የበዓሉ ማግሥት ለእነርሱ አዲስ ዓመት ነውና። መምህራችን ነጋዴ አልነበሩም፤ ነገር ግን የአባቶቻቸውን ልማድ ይዘው የደመወዛቸውን ወጪና ገቢ የሚጽፉበትን መዝገብ አቅርበው ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ቃላት ጽፈው አነበቡልን፤ «ሹብ ላብ»። እኛ ሳቅን። ለምን እንደ ሳቅን ቢጠይቁን፥ ላብ ማለት በእኛ ቋንቋ ሰው ሲደክም ከግንባሩ የሚወርደው ውሃ እንደ ሆነ ነገርናቸው። እርሳቸውም እጅግ ተደስተው፥ «በእኛ ቋንቋ ትርፍ ማለት ነው፤ እናንተ ግን ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ነገራችሁኝ» አሉ። ቀጥለውም ሹብ ማለት መልካም ማለት መሆኑን ገልጸው፥ መልካሙ ከትርፉ በፊት የተጻፈው በአጋጣሚ እንዳይመስለን አስጠነቀቁን። መጀመሪያ መልካም፥ ከዚያ ትርፍ።

ጣፋጩን ስንበላ የመምህሩ ባለቤት በአገራቸው ለልጆች የሚነገረውን ተረት አወሩልን፤ መምህሩም ተረጐሙልን። አንዲት ድሃ ልብስ አጣቢ ነበረች። የንግሥቲቱን የአንገት ሐብል ቁራ ነጥቆ በዚህች ሴት ጎጆ ላይ ጣለው። ሴቲቱ አግኝታ ለቤተ መንግሥት መለሰች። ንጉሡም ደስ ብሎት «የፈለግሽውን ጠይቂ» ቢላት፥ ወርቅ አልፈለገችም። «በዲዋሊ ሌሊት ከእኔ ቤት በቀር በከተማው ውስጥ አንድም መብራት እንዳይበራ እዘዝልኝ» አለች። ንጉሡም አዘዘ። ያን ሌሊት ላክሽሚ በጨለማው ከተማ ስትዞር፥ መብራት ያየችው በልብስ አጣቢዋ ደጅ ብቻ ነበር። መጥታ አንኳኳች፤ ሴቲቱም ለትውልዶች ከዘሯ እንዳትለይ ቃል ካስገባቻት በኋላ ከፈተችላት። ላክሽሚ በፊት ደጅ ስትገባ፥ ድህነት በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

እኛ በሴቲቱ ብልኀት አጨበጨብን። ከመካከላችን አንዱ ግን እጁን አውጥቶ፥ «ሰር፤ ጎረቤቶቿስ?» አለ። መምህሩ ዝም አሉ። ባለቤታቸው የተጠየቀውን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱም። ተነሥተው አንድ መብራት አበሩ፤ ለሥዕሉ ካልቀረበው ጣፋጭም በሳሕን አደረጉ። ለእኛም የሰጡን ሕሊናችን እንዳይታወክ ሲሉ ከዚያው ካልቀረበው እንደ ነበረ በኋላ ሰማሁ። ሳሕኑንና መብራቱን ይዘው በግቢው ጥግ፥ በጨለማ ቤት ብቻቸውን ወደሚኖሩት አሮጊት ሄዱ። «እማማ፥ እማማ» ሲሉ ተሰማን፤ ከባለቤታቸው ጋር ያወቁት አማርኛ ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር፤ በግቢው ጥግ ግን ብርሃን ይታያል።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና ነገሩን አላስተዋልሁትም። ያስተዋልሁት በ1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በአገራችን የረኃብ ዓመት እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። እኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ መምህር ነበርሁ። ችግሩ እንደሚከፋ ገምቼ፥ ለቤቴ ከሚበቃው በላይ አምስት ኩንታል እህል አስቀድሜ ገዝቼ ነበር። ዋጋው በየሳምንቱ ሲጨምር እሰማለሁ፤ በሰማሁም ቁጥር በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። እነሆ፥ እግዚአብሔርን እየጠራሁ የማድር ሰው፥ ዋጋው እንዳይወርድ እመኝ ነበር። በመጨረሻም ሦስቱን ኩንታል ደጄን ላንኳኩ ሰዎች በጊዜው ዋጋ ሸጥሁት። አልሰረቅሁም፤ አላታለልሁም፤ ሚዛንም አላጓደልሁም። ገንዘቡን ስቀበል ግን የጓደኛዬ ጥያቄ በጆሮዬ ደወለ፤ ጎረቤቶቿስ? በዚያ ገንዘብ የገዛሁት ቆርቆሮ ዛሬም ቤቴን ከድኖት አለ።

እንግዲህ ለልብስ አጣቢዋ የሚከራከርላት ሰው ይኖራል። ሌሎቹ በየዓመቱ መብራት ሲያበሩ የእርሷ ጎጆ ሳትታይ ትቀር ነበር፤ አንድ ሌሊት ተራ ብታገኝ ምን ነውር አለው? ይባላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ድሃ ተራ ማግኘት ይገባዋል። ነገር ግን ልመናዋን ደግመን እንመልከት። ሴቲቱ ለራሷ ብርሃን አልጠየቀችም፤ መብራቱማ ነበራት። የጠየቀችው የሌሎችን ጨለማ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ልመናዎች መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ቢመስልም፥ የንጹሕ ብልጽግናና የክፉ ብልጽግና ድንበር እርሱ ነው። የእኔም ኃጢአት እህል ማስቀመጤ አልነበረም፤ አስተዋይ ሰው ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ኃጢአቴ ክፉው ቀን እንዲረዝም መውደዴ ነው።

የበዓሉ ባለቤቶች አገርም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ በምትገኘው በሲቫካሲ አካባቢ የአገሪቱ ርችት አብዛኛው ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በዚያ በአንድ የርችት ፋብሪካ በተነሣ እሳት ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የርችቱ ጢስ ደግሞ በከተሞች የሰውን ሳንባ የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. በዲዋሊ ሌሊት ርችት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኮስ፥ እርሱም ጢሱ የቀነሰ ዓይነት እንዲሆን ወሰነ። ጎረቤት እንዲያየው ብቻ ተበድሮ ወርቅ የሚገዛም አለ። በዚህ ግን እነርሱን ለመንቀፍ አንቸኩል፤ እኛም ለሠርግና ለድግስ ተበድረን፥ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ስንከፍል የምንኖር ሰዎች ነን። ራሱ ያልተጠረገ ደጅ እያለው የሌላውን ደጅ ጉድፍ የሚቆጥር ሰው፥ መጥረጊያውን ያለ ስፍራው ያነሣ ነው።

መልሱንም ያገኘሁት ከዚያው ከሕንድ ሊቃውንት ዘንድ ነው። በትምህርታቸው ሀብት ከሰው ልጅ አራት ዓላማዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ዳርማ ከሚሉት ከጽድቅ ሥርዓት በታች መሆን አለበት። ላክሽሚም ብቻዋን አይደለችም፤ ናራያን ተብሎ የሚጠራው የቪሽኑ ሚስት ናት። ቪቬካናንዳ የተባለው መምህራቸው «ዳሪድራ ናራያን» የሚል ቃል ተጠቀመ፤ በድሃው ሰው ውስጥ ያለ ናራያን ማለት ነው። ይህንኑ ቃል ማኅተማ ጋንዲ በሰፊው አስተማሩበት፤ ባለጸጋም የሀብቱ ባለ ዐደራ እንጂ ፍጹም ባለቤት አለመሆኑን ሰበኩ። አንድምታው ግልጽ ነው። ናራያን በድሃው ሰው አምሳል በደጅ ቆሞ ሳለ፥ ባልን ከደጅ አባርሮ ሚስትን በክብር እንግድነት የሚጠራ ቤት፥ እንግዳይቱ ትቆይልኛለች ብሎ እንዴት ተስፋ ያደርጋል? በእኛም አገር ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የተባለው ከዚህ ሐሳብ አይርቅም።

አንድ ነገር ግን እንዳትስቱ አደራ እላችኋለሁ። አንድ መብራት ከሌላ መብራት ቢለኮስ አይጎድልበትም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ እሳቱ አይጎድልም። ቅቤው ግን ይጎድላል። ያን ሌሊት የመምህሩ ባለቤት ለእማማ የወሰዱት መብራት በእሳት ብቻ አልነደደም፤ ከቤታቸው በተቀዳ ቅቤ ነደደ፤ የሳሕኑም ጣፋጭ ከእኛ ድርሻ የተቀነሰ ነበር። ብዙ ሰው እሳት ለማካፈል ፈቃደኛ ነው፤ ምክር፥ ምርቃትና መልካም ምኞት አያስከፍሉምና። ሰው በእውነት ማካፈሉ የሚታወቀው ከማሰሮው ቅቤ ሲቀንስ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ሀብትን በመመኘታችሁ አትፈሩ፤ በስውርም አታምልኩት። ትርፋችሁ ከላባችሁ ይምጣ፤ ከትርፋችሁም በፊት መልካሙን ጻፉ። ቤታችሁን ጥረጉ፤ ሒሳባችሁን በእውነት መዝግቡ፤ መብራታችሁንም አብሩ። ከዚያም በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ ውጭ ወጥታችሁ በግቢው ጥግ ጨለማ ቤት እንዳለ ተመልከቱ። የእኔ የሒሳብ መምህር ብዙ ቀመር አስተምረውኝ ነበር፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ባለቤታቸው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።