በምልክት ስለ መፍረድ

ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለ ቃል አብረውት ከተቀመጡ በኋላ፣ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ የተናገሩት ነገር ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀለ ነበረ፤ ይኸውም መከራ የኃጢአት ምልክት ነውና መከራ ያገኘው ሰው በስውር ሳይበድል አልቀረም የሚል ነው። ከምልክት ተነሥቶ በደለኛውን መሰየም ይገባልን? ይህን ጥያቄ መተርጉማን በየዘመናቸው አመላልሰውታል፤ እኔ ግን ለዛሬው ከመቀሌ ጋራዦች ወደ አንዱ ልወስደው እወዳለሁ።

በጦርነቱና በከበባው ዘመን ነዳጅ ጠፍቶ በየግቢው ተገትረው የከረሙ መኪናዎች፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ መንገድ ሲመለሱ ስውር ደዌ ይዘው የወጡ አልጠፉባቸውም። ከእነዚህ አንዱ ወደ ኲሓ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር ጉልበት ያንሰዋል፣ የሞተሩ መብራትም በዳሽቦርዱ ላይ ይበራል እንበል። ኮምፒውተር ሲሰካበት፣ ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ይላል፤ የዚህ ነገር ምስክር በማርሚታው መሥመር ላይ የተተከለው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው። ችኩሉ መካኒክ ምስክሩን በደለኛ አድርጎ ይነቅለውና አዲስ ያስገዛል፤ መብራቱ በኮምፒውተር ሲደመሰስ ይጠፋል፣ ሰንብቶ ደግሞ ይበራል። ሴንሰሩ የተቀጣው እውነት ተናግሮ ነበር። በደሉ ከኋላ ወንበር በታች፣ የቤንዚን ፖምፓው ማሳ፣ ማለት የኔጌቲቭ ሽቦው፣ ከቦዲው ጋር በታሰረበት ቡሎን ላይ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ተሸሽጓል፤ ፖምፓው የሚገባውን ቮልት ስላላገኘ ግፊቱ ይወርዳል፤ ኢንጀክተሩም የታዘዘውን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ሳለ ከታዘዘው ያነሰ ቤንዚን ይረጫል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመለኪያው ነገር ነው። ፖምፓው ሳይሠራ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ መሥመሩ በቴስተር ቢለካ 12 ቮልት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ቴስተሩ ራሱ ከኢምንት በቀር ኮረንቲ ስለማይስብ፣ ከብዙ ክሮቿ አንዲቱ ብቻ የቀረችላት ሽቦ እንኳ በእርሱ ፊት እንደ ጻድቅ ትቆጠራለች። ፖምፓው እየዞረ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በፖምፓው ማሳ ላይ ያሳረፉ እንደ ሆነ ግን፣ በደኅና መሥመር ከ0.2 ቮልት የማይበልጠው ልዩነት 2 ቮልት ሆኖ ይገለጣል። ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ስለ ኢዮብ ያነሣው ክርክር ይኸው አይደለምን? ሸክም ያልነካው ጽድቅ፣ ጽድቅ መሆኑ በምን ይታወቃል ማለቱ፣ ከክፉ አንደበት የወጣ ቢሆንም፣ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ እንዲያውም በመርማሪነት ከወዳጆቹ እርሱ ሳይሻል አይቀርም፣ እነርሱ ቁስሉን ብቻ አይተው ፈርደዋልና።

ነገር ግን ሽቦንና ነፍስን የሚለይ ድንበር አለ። ሽቦን ሸክም አሸክሞ መመርመር የመካኒኩ መብት ነው፤ ባልንጀራን ለመመርመር መከራ መጫን ግን ለማንም አልተፈቀደም፣ ማእምረ ኅቡአት አንድ እርሱ ብቻ ነውና። እንግዲህ በሰው ላይ የሚቀርልን ፍርድን ማቆየት ነው፤ በመኪና ላይ ግን መለካት እየተቻለ በግምት መፍረድ ምክንያት የሌለው ስንፍና ነው። ሦስቱ ወዳጆች ስለ ክፉ ፍርዳቸው ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ እንዲያቀርቡ ታዘዋል፤ በጋራዥ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ባለመኪናው ነው። ስለዚህ ባለመኪና ወንድሜ ሆይ፣ ለሴንሰር ገንዘብ ከመቁጠርህ በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ማሳው በፊትህ ይለካልህ።