ምስክር የሌለበት እውነት

ሰው በሰው ፊት እውነተኛ ቢሆን እምብዛም አያስደንቅም፤ የሚያየው አለና። ነገር ግን ማንም በማያይበት፣ ቢዋሽም የሚጎዳ ያለ በማይመስልበት ስፍራ እውነትን መጠበቅ ግዴታ ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በጥር ወር በአብያታ ሐይቅ ዳር አዕዋፍን ስመለከት የዋልሁበት አንድ ቀን ነው።

ከንጋት ጀምሬ በሩቅ ማሳያ መነጽር ያየሁትን እየቆጠርሁ በደብተር ጻፍሁ። ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን ደፍተው ከውሃው ውስጥ ረቂቁን ዋቅላሚ በመንቆራቸው ያጠልላሉ። ቀትር ሲሆን አንድ ነጭ ነገር በሐሩሩ ውስጥ ታየኝና ተሰወረ። ልቤ «ፔሊካን ነው፤ ጻፍ» አለኝ፤ ዓይኔ ግን አላረጋገጠም። አንድ ወፍ ቢጨመር ማንን ይጎዳል?

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ቀድሞ ፔሊካኖች በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ቢኖረውም ዓሣው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ወደ አብያታ እየበረሩ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ያመጡ ነበር። ኋላ ግን ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ለመስኖ ሲወሰድ፣ ከራሱ ከአብያታም ሶዳ አሽ ለማውጣት ሲቀዳ፣ ሐይቁ ጎደለ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ስፋቱ በ1998 ዓ.ም. ከ100 በታች ሆነ። የውሃውም ጨውነት ስለ በረታ ዓሣው ተመናመነ፤ ፔሊካኖችም ምግባቸውን በሌሎች ሐይቆች ይፈልጉ ጀመር።

ይህን ለማወቅ የቻልነው ያዩትን «አለ»፣ ያጡትንም «የለም» ብለው የጻፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እያንዳንዱ እንደ ምኞቱ አንድ አንድ ወፍ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሐይቁ በምድር ላይ እየደረቀ በወረቀት ላይ ሞልቶ በኖረ ነበር።

እንግዲህ ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚጎዳው አጠገባችን ያለውን ሳይሆን፣ ገና ያልመጣውንና በጽሑፋችን የሚታመነውን ሰው ነው። ይህም ስለ ወፍ ብቻ የተነገረ አይደለም። ተማሪው ያልገባውን ትምህርት «ገብቶታል» ብሎ የሚመዘግብ መምህር፣ ያልተፈጸመውን ሥራ «ተፈጽሟል» ብሎ ለበላዩ የሚያስታውቅ ሹም፣ ክፉ ሳያስብ እንኳ መድኃኒት የሚያሻውን በሽታ ይሸሽጋል።

ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ደብተሬን ገለጥሁ፤ በፔሊካን ስም አንጻርም ዜሮ ጻፍሁ። እጄ ከበደኝ፤ ሕሊናዬ ግን ቀለለኝ።