ፊት የሌለው ሕዝብ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማኔ በ1866 የሳለው የሎንሻን የፈረስ እሽቅድምድም ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ቤር ሼቫ፣ ሰፈር ዳሌት፣ ቡና እያፈላሁ በልጅ ልጄ ስልክ ነው። ፈረሶቹ ፊት ለፊት ይጋልቡብናል። በግራ በኩል የፓሪስ ባለጠጎች በሠረገላና በጃንጥላ ተኮልኩለዋል፤ ያ ሁሉ ሽቅርቅር የቀለም ጠብታ ብቻ ነው። ዓይንም አፍም የለውም።

ልጅቷ «እንዴት ያምራል!» አለች። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ከተፈጠረ፣ ፊቱን ማጥፋት ምን ማለት ነው?

የታልሙድ ሊቃውንት እጅግ ብዙ የእስራኤል ሕዝብ ተሰብስቦ ያየ ሰው ምሥጢር ዐዋቂውን አምላክ እንዲባርክ አዘዋል፤ የሰዎቹ ፊት እንደማይመሳሰል ሐሳባቸውም አይመሳሰልምና። (ጎንደር ታልሙድ አልነበረንም፤ ይህን የተማርኩት እዚህ ነው።) ሥዕሉ የዚህ ተቃራኒ ይመስላል። ግን በበዓላችን በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ፣ ከሩቅ ስንታይ እኛ ቤተ እስራኤላውያንስ ምንድን ነን? ነጭ ነጠላ፣ በላዩ የቄሶቹ ባለቀለም ጃንጥላ። ማኔ አልዋሸም፤ የሰው ዓይን አቅሙ እዚያ ድረስ ነው። እዚሁ ቤር ሼቫ በ1940 የበደዊኖች የፈረስና የግመል እሽቅድምድም ፎቶ ተነሥቷል፤ ካሜራም ቢሆን ፊትን እንጂ ሐሳብን አይዝም።

ስለዚህ ሠዓሊውን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ከሩቅ ያየውን አንድ ቀለም ይዞ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚለውን ነው። እናንተም ልጆቻችሁን ለስግድ ስትወስዱ ከዳር አታቁሟቸው፤ ወደ መሃል አስገቧቸው፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ፣ ስማቸውን እየጠየቁ ሰላም ይበሉ።