ዋናው ሲቀየር ረዳቶቹስ?

አዲስ ዋና አሰልጣኝ በተሾመ ቁጥር ከአሰላለፉ በፊት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ነባሮቹ ረዳቶች ይቆዩ ወይስ ይሰናበቱ? ጥያቄው የትልልቅ ክለቦች ብቻ አይደለም። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ባለችው ቦርደዴ የወጣቶች ቡድን የሚረከብ አሰልጣኝም ይገጥመዋል። ያለፈው ታሪክ ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ቢል ሻንክሊ በዲሴምበር 1959 (እ.ኤ.አ) ሊቨርፑልን ሲረከብ ክለቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይዳክር ነበር። ሻንክሊ ለውጥ የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ዓመት ገደማ 24 ተጫዋቾችን አሰናብቷል። ነባሮቹን ረዳቶች ቦብ ፔዝሊን፣ ጆ ፌገንንና ሩበን ቤኔትን ግን አልነካቸውም። የጠየቃቸው ለእሱም ሆነ እርስ በርሳቸው ታማኝ እንዲሆኑ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች የተጫዋቾች ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ስለ ጨዋታው ይመክሩ፣ የልምምዱንና የጉዳቱን ነገር በደብተር ያሰፍሩ ነበር። ቡድኑ በ1962 አደገ፤ በ1964 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሻንክሊ በ1974 ሲለቅ ፔዝሊ ተተክቶ 6 የሊግና 3 የአውሮፓ ዋንጫዎችን አነሳ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ፌገንም በ1984 የአውሮፓን ዋንጫ ደገመው።

ተቃራኒው በ2013 ማንቸስተር ዩናይትድ ውስጥ ታየ። ዴቪድ ሞይስ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ቢረከብም ነባሮቹ ረዳቶች ማይክ ፌለን፣ ሬኔ ሙለንስቲንና የበረኞች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲል ለቀቁ፤ በእነሱ ቦታ በኤቨርተን አብረውት የሠሩ ሰዎች ገቡ። ሞይስ ዓመቱ ሳይሞላ በኤፕሪል 2014 ተሰናበተ፤ ቡድኑም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በዕድሜ ገፍተው ነበር። ሆኖም አዲሱ አሰልጣኝ ሲቸገር የቡድኑን ጠባይ የሚነግሩት ነባር ረዳቶች አጠገቡ አልነበሩም።

በአገራችን ነባር ረዳቶችን የማቆየትን ጥቅም በደንብ ያሳየን አትሌቲክሱ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም በሞስኮ ኦሊምፒክ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ አሰልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። በእሳቸው ሥር በረዳትነት የሠሩት ወልደመስቀል ኮስትሬ ኃላፊነቱን ሲረከቡ ሥራውን ከውስጥ ያውቁት ነበር። በዚያው ሞስኮ በ10,000 ሜትር 4ኛ የወጣው ቶሎሳ ቆቱም በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኞች አንዱ ሆነ። በሲድኒ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ በወልደመስቀል ዋና አሰልጣኝነት 4 ወርቅ ስታገኝ ከጀርባው እንዲህ እጅ በእጅ የተላለፈ እውቀት ነበረ።

ወደ ቦርደዴ እንመለስ። የቆላው ፀሐይ ከረፈደ በኋላ ልምምድ አያሠራም። በረመዳን የጾመኛው ልጅ ጉልበት መቼ እንደሚደክም፣ ከብት ጥበቃ የሚውለው ልጅ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ተቆጥቶ የሚቀረውን ተጫዋች በማን በኩል ማግባባት እንደሚቻል በአሰልጣኝነት ኮርስ አይሰጥም። አዲሱ ሰው ኦሮምኛ ካልቻለ ደግሞ ምክሩ ከልጆቹ ልብ የሚደርሰው በረዳቱ አንደበት ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ረዳት ይቆይ ማለት አይደለም። ሹመቱን ለራሱ ሲጠብቅ የቆየና ተጫዋቾችን ለሁለት የሚከፍል ረዳት ቡድን ያፈርሳል። ስለዚህ አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ረዳቶቹን ለየብቻ ያነጋግር፤ የእያንዳንዱን የሥራ ድርሻ በግልጽ ይወስን፤ የሚያምነውን አንድ ሰው ከውጭ ያምጣ፤ ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን አብሯቸው ይሥራ። ክለቡም የረዳቶቹን ውል ከዋናው ሰው ዕጣ ጋር አያቆራኝ። ማሰናበት ካስፈለገ ሥራቸውን አይቶ ያሰናብት፤ ሳያያቸው የሚያባርር ግን ምን እንዳጣ የሚያውቀው ሽንፈት ሲደጋገም ነው።