ስሙ የማን ነው? ለሕፃን ልጅ ያልተለመደ ስም ስለ ማውጣት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የአንድ ሰው ስምና ጠባይ ገጥመው ሲገኙ ነው። ስም የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግን የመልአኩ ድምፅ አይሰማም፤ የሚናገሩት አባትና እናት፣ አያቶችና አክስቶች፣ አንዳንዴም ጎረቤቶች ናቸው። በየቁምስናዎቻችን የጥምቀት መዝገብ በሚሞላበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣው ክርክር የሚወለደውም ከዚህ ነው። ወላጆች ለወንድ ልጃቸው በዘመድ አዝማድ መካከል ተሰምቶ የማያውቅ ስም ይዘው ይመጣሉ። አያት ስሙን ለመጥራት ምላሳቸው አልታዘዝ ይላቸዋል፤ የክርስትና አባቱ ትርጉሙን ይጠይቃል፤ መዝጋቢው በየትኛው ፊደል እንደሚጽፈው ያመነታል። በመጨረሻም ነገሩ ወደ ቆሞሱ ወይም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ይቀርብና «እባክዎ አንድ ነገር ይበሏቸው» ይባላል።

እንግዲህ ምን እንበላቸው? ያልተለመደ ስም ማውጣት ጥፋት ነውን? ወይስ ልጁ የእነርሱ ስለሆነ ስሙም የእነርሱ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ዝም እንበል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በውስጡ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም ሰው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ እስከ ምን ድረስ ሥልጣን አለው የሚለው ነው። ስም ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሚቀበለው የመጀመሪያው ነገር ነውና።

በዘካርያስ ቤት የሆነው

በቅዱስ ወንጌል ስለ አንድ ሕፃን ስም የተደረገ ክርክር ተጽፎልን እናገኛለን (ሉቃ 1፡57-66)። ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ወንድ ልጅ ወለደች። በስምንተኛው ቀን ለግዝረቱ የተሰበሰቡት ጎረቤቶችና ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት አሰቡ። እናቱ ግን ዮሐንስ ይባል አለች። የተሰጣት መልስ ዛሬም በየቤታችን የምንሰማው ነው፤ ከዘመዶቿ በዚህ ስም የሚጠራ አንድም ሰው እንደሌለ ነገሯት።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ልጅ በማጣት ለብዙ ዓመታት ያዘነውን ቤት ደስታ ሊካፈሉ የመጡ ናቸው። የሽማግሌው ካህን ስም ከእርሱ ጋር አብሮ እንዳይቀበር መመኘታቸውም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ የአባቱን ስም ለማስቀጠል ብቻ የተወለደ አልነበረም፤ የራሱ ጥሪ ነበረው። ዮሐንስ ማለት እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ነው። ዘካርያስም ሰሌዳ አስመጥቶ ይህንኑ ስም ጻፈ፤ ያን ጊዜ ተዘግቶ የቆየው አንደበቱ ተከፈተ። አባት የገዛ ስሙን ከልጁ ላይ አንሥቶ ለልጁ የተገባውን ስም በጻፈ ጊዜ መናገር እንደ ቻለ ልብ እንበል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ስም ከዘመድ ልማድ ውጭ መሆኑ ብቻውን ነውር አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ኤልሳቤጥና ዘካርያስ ያንን ስም የመረጡት ከሌላው ሕዝብ የተለዩ ሆነው ለመታየት አለመሆኑ ነው። ስሙ ለልጁ የመጣ ስም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በስም ጉዳይ

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። በሐዋርያት ዘመን የነበሩ ብዙ ክርስቲያኖች ከአረማዊ አማልክት ስም የተወሰደ ስም ነበራቸው። አጵሎስ የሚለው ስም ከአፖሎ፣ አፍሮዲጡ የሚለው ከአፍሮዲት የመጣ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ የሚያመሰግናት የፌቤን ስምም ለአርጤምስ ይሰጥ ከነበረ መጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ሐዋርያው ስማቸውን አላስለወጣቸውም፤ እነርሱ በሕይወታቸው ስማቸውን ቀደሱት። ዛሬ በሀገራችን ፌቤን ብላ ልጇን የምትጠራ እናት የምታስበው ያችን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንጂ ጣዖትን አይደለም።

የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1181 ወይም በ1182 በተወለደ ጊዜ ዮሐንስ ተብሎ ተጠመቀ። የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አባቱ ግን ከፈረንሳይ ሀገር ሲመለስ ፍራንቸስኮ፣ ማለትም «ፈረንሳዊው» ብሎ እንደ ጠራው ይነገራል። ስሙ በዚያ ዘመን እንግዳ ነበር፤ ምክንያቱም መንፈሳዊ አልነበረም። ዛሬ ግን ያ ስም ሲጠራ በሰው አእምሮ የሚመጣው ንግድ ሳይሆን ድህነትን የመረጠ ቅዱስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትም ከእርሳቸው በፊት ማንም ጳጳስ ያልያዘውን ይህንኑ ስም ወሰዱ።

ሕጉም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቆሞሱ ለተጠማቂው የክርስቲያን ስም እንዲሰጠው እንዲተጋ፣ ወላጆች እምቢ ካሉም የቅዱስ ስም ጨምሮ ሁለቱንም በመዝገብ እንዲጽፍ ያዝዝ ነበር (ቁ. 761)። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው ሕግ ግን ወላጆች፣ የክርስትና ወላጆችና ቆሞሱ ከክርስትና መንፈስ የሚጻረር ስም እንዳይሰጥ እንዲጠነቀቁ ብቻ ይጠይቃል (ቁ. 855)። እንግዲህ እንግዳ የሆነ ሁሉ የሚጻረር አይደለም። ደግሞም በቁ. 855 ፊት ኃላፊነቱ የቆሞሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ የወላጆችና የክርስትና ወላጆችም እንደሆነ መርሳት አይገባም።

የተለመደውም ስም ይመዝናል

ያልተለመደውን ስም ከመውቀሳችን በፊት የተለመደውን እንመርምር። የሀገራችን ስሞች አብዛኛዎቹ ትርጉም አላቸው፤ የቤተሰቡን ታሪክ ይናገራሉ። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ የተወለደውን ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ይለዋል። ጠላት ያለበት ቤት በላቸው ወይም ደምሰው ይላል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ከተወለዱት መካከል አብዮት የተባሉ ጥቂት አይደሉም፤ ያ ሥርዓት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ስሙ ከተሸካሚው ጋር ቀረ።

እነዚህን ስሞች ለማቃለል አንደፍርም። ልጇን የቀበረች እናት ሁለተኛውን ካሳ ስትለው እግዚአብሔርን ማመስገኗ ነው። እንዲህ ያሉ ስሞችን ይዘው በክብር የኖሩ፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለሀገርም የጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። ስም ዕጣ ፈንታ አይደለምና፤ እናቱ በጣር ስለ ወለደችው ያቤጽ ያለችው ሰው ሥቃይ እንዳያገኘው ወደ እግዚአብሔር ጸልዮ የለመነውን አግኝቷል (1ዜና 4፡9-10)። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ማሰብ ይገባናል። ምትኩ የተባለው ልጅ በተጠራ ቁጥር ያላየው ወንድሙ አብሮት ይጠራል። ደምሰው የተባለውም አባቱ የተጣላውን ሰው ሳያውቅ ጠቡን ይወርሳል።

በዚህ ረገድ ከአባታችን ከያዕቆብ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። ራሔል በኤፍራታ መንገድ ላይ በምጥ ተይዛ፣ ነፍሷ ስትወጣ፣ ሕፃኑን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ አለችው። ያዕቆብ ግን ብንያም፣ የቀኝ እጄ ልጅ አለው (ዘፍ 35፡16-20)። ያዕቆብ ራሔልን ስላልወደዳት አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ የተገዛላት ሚስቱ ናት። ኀዘኑንም አልደበቀም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመላት። ነገር ግን ኀዘኑን ያቆመው በድንጋዩ ላይ ነው እንጂ በልጁ ላይ አልጫነውም።

መለኪያውም ይህ ይመስለናል። የስም መልካምነት በመለመዱ ወይም ባለመለመዱ አይመዘንም፤ ስሙ ለልጁ የተሰጠ ስጦታ ነው ወይስ የወላጅ ዕዳ ማስታወሻ የሚለው ነው ጥያቄው።

ለማን ጆሮ የወጣ ስም ነው?

ዛሬ ያልተለመዱ ስሞች የሚበዙበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዶች ከመጽሐፍ ቅዱስ እምብዛም የማይጠቀሱ ስሞችን፣ ሌሎችም ከግእዝ ጥሩ ትርጉም ያላቸውን ቃላት ይመርጣሉ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ልጆቻችን አስተማሪው በቀላሉ የሚጠራውን፣ አያትም የማይከብዳቸውን ስም ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ የልጁ ስም ብሔሩን እንዳይናገርበት፣ በስሙ ምክንያት እንዳይጠላ ወይም እንዳይጠረጠር በመስጋት ከሁሉም ወገን የሆነ ስም ይፈልጋሉ። ይህን ስጋት የሚሰማ ክርስቲያን በወላጆቹ ላይ ከመፍረዱ በፊት ወላጅ እንዲህ እንዲያስብ ያደረገውን ሁኔታ ሊያዝንበት ይገባል።

ሆኖም ሌላ ዓይነት ፍለጋም አለ። የወላጆቹን ስም ቆራርጦ በመግጠም ትርጉም የሌለው ድምፅ መፍጠር፣ ወይም ዝናው ዓመት ለማይቆይ የፊልም ሰው ብሎ መሰየም፣ ወይም «በከተማው ማንም የለውም» ለማለት ብቻ መድከም ይታያል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ስሙ የወጣው ለልጁ ጆሮ ሳይሆን ለሰሚው ጆሮ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት በየዓመቱ ስሙን ሲያስረዳ፣ ሲሳቅበትም ሲታገሥ፣ በስም ማውጣቱ ቀን የተደነቁት እንግዶች አብረውት አይኖሩም።

ወንድ ልጅ ሲሰየም ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። በሀገራችን ልማድ የአባት የግል ስም የልጆቹ ሁለተኛ ስም፣ የልጅ ልጆቹም ሦስተኛ ስም ይሆናል። ዛሬ በጨቅላው ላይ የምናወጣው ስም ገና ባልተወለዱ ሴቶችና ወንዶች ልጆች ስም አጠገብ ይጻፋል፤ በምስክር ወረቀት፣ በጋብቻ መዝገብ፣ በመቃብር ድንጋይም ላይ ይነበባል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው ለመልካም ዝና ቢሆንም ለወንድ ልጅ ስም ቃል በቃል እውነት ነው። አንድ ጊዜ የቀለድንበት ስም ሦስት ትውልድ ሊሸከመው ይችላል።

ለወላጆችና ለመምህራን

ስለዚህ ወላጆች ከመወሰናቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን። ስሙን ለልጁ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ያለ እፍረት ልንተረጉምለት እንችላለን? ስሙ ለልጁ ተስፋ ይሰጠዋል ወይስ የእኛን ኀዘን፣ ጠብ ወይም ምኞት ያሸክመዋል? በቤታችን ያለችው አሮጊት ልትጠራው ትችላለች? ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ መስሎ አይታይ። ስም የሚወጣው ለመጠራት ነውና፤ አያቱ ልትጠራው የማትችለው ልጅ ከፍቅር ድምፆች አንዱ ጎድሎበት ያድጋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር እንላለን። ወላጆች እንግዳ ስም ይዘው ሲመጡ ፈገግ ብላችሁ አታሳፍሯቸው፤ «ይህ ስም አይሆንም» ብላችሁም አትጀምሩ። አስቀድማችሁ ትርጉሙንና ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከስሙ በስተጀርባ በቤቱ ሌላ ማንም ያልሰማው ታሪክ ይገኛል፤ ያ ውይይት ለጥምቀት ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የበለጠ በር ይከፍታል። ስሙ ከክርስትና መንፈስ ጋር በእውነት የሚጻረር ከሆነ ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዱ። ካልሆነ ግን የግል ምርጫችሁን ሕግ አታድርጉት።

በአባቶቻችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የሚቀበለው የክርስትና ስምም አለ። ይህ ስም ወላጆች ላወጡት ስም እንደ ቅጣት ወይም እንደ ማረሚያ የሚሰጥ አይደለም፤ ልጁ የሚጠብቀውና የሚያማልደው ወዳጅ እንዲኖረው የሚሰጥ ነው። የሚያሳዝነው ግን የክርስትና ስማችንን ብዙዎቻችን መርሳታችን፣ አንዳንዱም ሰው ስሙ የሚጠራው በፍትሐቱ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የቅዱሱ በዓል በሚውልበት ቀን ልጁን በክርስትና ስሙ መጥራት፣ የቅዱሱንም ታሪክ መንገር ቀላል ልማድ ነው። በቤት ውስጥ እንግዳ ስም ያለውም የተለመደ ስም ያለውም ልጅ በዚህ እኩል ይጠቀማል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ የእያንዳንዱ ሰው ስም ቅዱስ እንደሆነና የባለቤቱን ክብር ስለሚያመለክት ሊከበር እንደሚገባው ያስተምረናል (ቁ. 2158)። ይህ ለሁለት ወገን ይሠራል፤ ስም ለሚያወጣው፣ ከወጣም በኋላ ለሚጠራው። ስሙ አንድ ጊዜ በጥምቀት ውኃ ላይ ከተጠራ በኋላ ክርክሩ ያበቃል። ያን ጊዜ አልወደድነውም የምንለው ስም የአንድ የእግዚአብሔር ልጅ ስም ሆኗል፤ ማንጓጠጥም ሆነ ማጣመም አይፈቀድልንም። ስሙን በደስታ ለመጥራት የመጀመሪያዎቹ መሆን ከዘመዶችና ከቁምስናው ሰዎች የሚጠበቅ ነው።

በመጨረሻም ወላጆች ከማይገባ ጭንቀት ነጻ እንዲሆኑ እንፈልጋለን። በዮሐንስ ራእይ እንደ ተጻፈው ድል ለነሣ ሁሉ ከተቀበለው በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም በነጭ ድንጋይ ተጽፎ ተዘጋጅቶለታል (ራእ 2፡17)። እንግዲህ እኛ የምናወጣው ስም የመጨረሻው አይደለም። እግዚአብሔር ልጁን በሙሉ ስሙ እስኪጠራው ድረስ፣ በመንገድ ላይ የሚጠራበትን ስም ነው የምናውሰው። የተዋሰውን ስም በፍቅር ከጠራንለት፣ የመጨረሻውን ሲሰማ ድምፁ እንግዳ አይሆንበትም።